ትገባለች ወይስ አትገባም?

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎንደር ውስጥ በዩኒቨርሲቲው የሬጅስትራር ቢሮ መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ሳትል “እስከ ዓርብ ድረስ በቅጣት መመዝገብ ይቻላል” አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ተማሪዎቹን በራሱ ፈተና መርጦ በሚቀበል ዩኒቨርሲቲ፣ የመግቢያ ፈተናው በዚያው ዕለት ልክ በሦስት ሰዓት ተጀምሯል። እናኑ ሞላ የምትባል ተማሪ እዚያ መቀመጥ ነበረባት። አልተቀመጠችም። ያስቀራት የእኔ ቃል ነው።

ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራውን የጀመርሁት ዜና በካሴት ተቀድቶ በሚላክበት ዘመን ነው። ጎርፍም፣ የመኪና አደጋም፣ ተኩስም ዘግቤያለሁ፤ ባልደረቦቼ “አስናቀች አትደነግጥም” ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ነገር ከሁለት ቦታ ካልሰማሁ ለአየር አላበቃውም። በየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የምዘግበው እኔ ስለሆንሁ፣ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ልጅ ያስፈተነ ሁሉ በሬን ያንኳኳል። “የእኔ ልጅ የት ትገባለች?” ይሉኛል። እኔም እነግራቸው ነበር።

እናኑ የጎረቤቴ የጌታቸው የእህት ልጅ ናት። ጌታቸው ከአስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው፤ ጎማ ሲያጣብቅ ይውላል። እናኑን ከአዲ አርቃይ ማዶ ካለ ቀበሌ አምጥቶ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በቤቱ አስቀምጦ አስተምሯታል። ጎበዝ ልጅ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በሸጋ ውጤት አለፈች፤ እዚሁ ጎንደርም ተመደበች። ጌታቸው በደስታ ጎሚስታ ቤቱን ዘግቶ ዋለ።

ነገሩ የተበላሸው እናኑ ለአዲስ አበባውም ማመልከቷ ሲታወቅ ነው። የመግቢያ ፈተናው ሰኞ ነው፤ የጎንደሩ ምዝገባ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ። ጌታቸው “በእጅሽ ያለውን ጥለሽ የትም አትሄጂም” አለ። አባቷ አያ ሞላ ይህን በስልክ ሲሰሙ በሬያቸውን ለጎረቤት ትተው ከአዲ አርቃይ መጡ፤ “ልጄ ትፈተናለች” አሉ። ሁለቱ ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ተጣሉ። ጌታቸው አራት ዓመት ያሳደግሁ እኔ ነኝ አለ። አያ ሞላ ደግሞ የወለድሁት እኔ ነኝ አሉ። ሐሙስ ዕለት ጌታቸው “እንግዲያው ዕቃዋን ይዘው ይውጡ” እስከ ማለት ደረሰ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ እኔ መጣ። ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ ነገረኝና ዕድሏ ምን ያህል እንደሆነ እንዳጣራለት ለመነኝ። እንዳዳላለት አልጠየቀኝም፤ እውነቱን ብቻ ነው የፈለገው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እወዳለሁ። በማግሥቱ አዲስ አበባ ላለ ባልደረባዬ ደውዬ ስንት ሰው እንዳመለከተና ስንቱን እንደሚቀበሉ ጠየቅሁ፤ ከሌላ ሰው ጋርም አመሳከርሁት። የሁለቱ መልስ ተቀራረበ። አካፈልሁት፤ ከሃያ አመልካች አንድ ሆነ። ባልደረባዬ “ልጅቷ ሒሳብ ላይ እንዴት ናት? እነሱ ሒሳብ ያያሉ” ብሎኝ ነበር። ጌታቸው የነገረኝ ድምሩን ብቻ ስለነበር አላውቅም አልሁት። እናኑ የምትኖረው ከእኔ አጥር ወዲያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጌታቸው ግቢ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወንበር ስላነሰ ከእኔ ቤት ሁለት በርጩማ ተወሰደ። ነገሩን የሚመሩት አያ ደሴ ነበሩ፤ በሰፈራችን ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ እርሳቸው ያልሰሙት ነው ይባላል። እንደገባሁ ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

“ነይ ተቀመጪ፤ ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ጠያቂዋ፤ ዛሬ እንኳ እኛ እንጠይቅሽ” አሉኝ። ሰው ሳቀ። በሽምግልና ላይ ሴት ከሽማግሌ ጎን ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

መጀመሪያ ጌታቸው ተናገረ። ከእጁ የጎማ ጥቁር አልለቀቀም፤ እጁን ከጉልበቱ ላይ እያነሳ እየጣለ አወራ። ልጅቷ እዚያ ወድቃ ስትመለስ እዚህም ምዝገባው ያልፋል፤ ዓመቱ ከንቱ ይቀራል፤ ዓመት ሙሉ ቤት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ አገር ቤት ምን እንደሚጠብቃት ሁሉም ያውቃል አለ። ይህን ሲል አያ ሞላ አንገታቸውን ደፉ፤ ታላቅ ልጃቸውን እንደዚያ ድረዋታልና። ከዚያ ጌታቸው ወደ እርሳቸው ዞሮ፣

“አያ ሞላ፣ ለመሆኑ አዲስ አበባን የት ያውቋትና ነው?” አላቸው።

“አላውቃትም” አሉ። “እሷ ትወቃት ብዬ እኮ ነው።”

ከዚያ አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ምስክር ነውና የምትናገሪው፣ ቁስቋም ማርያምን ብለሽ ተናገሪ አሉኝ። አልሁ። አመልካቹን፣ የሚቀበሉትን፣ እንዴት እንዳጣራሁ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ዕድሏ ከሃያ አንድ ነው ብዬ ጨረስሁ። ድምፄ ዜና ሳነብ እንደሚሆነው ነበር።

አያ ደሴ ጢማቸውን ያዙ። “ልጄ፣ ይሄ ከሃያ አንድ የምትይው ለኛ አይገባንም። ምስክር ነሽ። ትገባለች ወይስ አትገባም?”

“አያ ደሴ፣ እንደዚያ ብሎ መናገር ያስቸግራል።”

“ሃያ በግ ነድተሽ አንዷ ብቻ ቤት የምትደርስ ከሆነ፣ ደረሱ ትያለሽ?”

“አልልም።”

“ስለዚህ አትገባም።”

ያን ጊዜ ልናገረው የሚገባኝን አሁን አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ግምት ምስክርነት አይደለም። ምስክር የሚናገረው የሆነን ነገር ነው፤ የእናኑ ፈተና ገና አልሆነም። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎችና አጥሩን የተደገፈ ጎረቤት ሁሉ ያዩኛል። “አትገባም ማለቱ ይቀላል” አልሁ።

“በቃ፣ ምስክሯ አትገባም ብላለች” አሉ አያ ደሴ።

አላረምኋቸውም።

የቀረው ፈጥኖ አለቀ። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሰውን ከሰው ነውና፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፈተና ያነሳ የለም። ጌታቸው ተነሥቶ የአያ ሞላን ጉልበት ሳመ፤ “ይውጡ” ያልሁት ከንዴት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። አያ ሞላ አነሡት። ልጅቷ እዚሁ ትመዝገብ፣ ሁለታችሁም ነገሩን ዳግም አታንሱት ተባለ። አያ ደሴ መረቁ፤ ሁላችን አሜን አልን። እናኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ የት ነበረች ብትሉኝ፣ ከጓዳው በር ላይ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር። ጠቡ የሁለቱ ወንዶች ስለሆነ የጠራት የለም። ምርቃቱ ሲያልቅ መጥታ እጃችንን አስታጠበችን። የእኔን ስታስታጥብ ውኃው ቀጥ ብሎ ወረደ።

አመሻሹ ላይ በርጩማዎቹን ልትመልስ መጣች። ከደጃፉ አስቀምጣቸው አልሄደችም።

“እትዬ አስናቀች፣ ምዝገባው ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?”

“አጎትሽ ነዋ።”

“እርስዎስ አጣርተዋል?”

ይህን ጥያቄ ስንቱን ባለሥልጣን ጠይቄዋለሁ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ምዝገባውን አላጣራሁም፤ ያጣራሁት ዕድሏን ነው።

እናኑ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ረቡዕ ዕለት ብቻዋን ሬጅስትራር ሄዳ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት፣ የዘገየ ተማሪ እስከ ዓርብ በትንሽ ቅጣት ይመዘገባል ብላታለች። ስለዚህ ሰኞ ተፈትና፣ በተመለሰችበት ቀን እዚህ መመዝገብ ትችላለች። ብትወድቅም የሚቀርባት ነገር የለም። ለአጎቷ ነግራው “የመስኮት ወሬ ነው” ብሎ አልፎታል። አባቷን ደግሞ ከሽምግልናው በፊት ብቻቸውን አላገኘቻቸውም።

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?” አልኋት።

“ማን ጠየቀኝ?”

ከልጅቷ ቃል ውስጥ የማይታመን ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ ነው። “ማረጋገጥ አለብኝ” አልኋት።

“ፈተናው እኮ ሰኞ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“አውቶቡሱ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። መንገዱም በዚህ ሰሞን ክፍት ነው።”

“አውቃለሁ፣ እናኑ።”

እሺ ብላ ሄደች። አላለቀሰችም፤ አለቀሰች ብዬ ብጽፍ ለአንባቢ ይቀል ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማውቀው አንድ ኃላፊ አለ፤ ደወልሁለት። አያነሳም። ደግሜ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ አያ ደሴ ቤት ወረድሁ፤ ከእኔ ቤት በታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጠው ያወጉ ነበር። ከሩቅ ሲያዩኝ “ይቺ ናት ዛሬ ሁለት ቤት ያዳነች” አሉ ለሰዎቹ። “እኛ ሦስት ጊዜ ተቀምጠን የማንፈታውን በአንድ ቃል ጨረሰችው። ሬዲዮ መስማት ትቼ እሷን ሽማግሌ አደርጋታለሁ።” ሰዎቹ ሳቁ፤ አንደኛው ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

“ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?”

“ደህና ነው። ደህና ያምሹ ልል ነው።”

ተመለስሁ። የተሰበሰበ ቤተሰብ ለመበተን ያልተረጋገጠ ወሬ ይዤ መሄድ አልችልም እያልሁ ዳገቱን ወጣሁ። ይህን ለራሴ ስል ሙያዬ ነው የሚናገረው መስሎኝ ነበር። ዳገቱን ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ጋዜጠኞች በየቀኑ የምንላት ዓረፍተ ነገር አለች፤ “ይህን መረጃ ከሌላ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም” የምትል። ያልተረጋገጠን ነገር ሳንደብቅ፣ እንደተረጋገጠም ሳናስመስል የምንናገርባት ናት። ስንት ጊዜ ብያታለሁ። አያ ደሴን “እንዲህ የሚል ነገር ሰምቻለሁ፤ አላረጋገጥሁም፤ እውነት ከሆነ ግን ፍርዱ ይለወጣል” ብላቸው ሌላ አያስፈልግም ነበር። ያችን ዓረፍተ ነገር ለእናኑ ነፈግኋት። የነፈግኋትም ምንጭ ስላጣሁ አይደለም። ያ ሰው ብድግ ብሎ ቦታ ስለለቀቀልኝ ነው።

እሁድ አውቶቡሱ ሄደ። አያ ሞላ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሊሰናበቱኝ በሬ ላይ መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። እንዲገቡ ብለምናቸውም አልገቡም።

“ሸጋ ነው ያደረግሽ፣ የኔ እመቤት” አሉኝ። “ልጄን ከከንቱ ድካም አዳንሽልኝ። ያላወቀ ሰው ከዘመዱ ይጣላል። እኔስ ትችላለች ብዬ ነበር።”

“ትችላለች ብዬ ነበር” ያሉት ስለ ትናንት ነው። ትናንት ጠዋት “ትችላለች” ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። አመሰገንኋቸው፤ መንገዱ እንዲቀናቸው ተመኘሁ። እስከ መንገዱ መታጠፊያ አየኋቸው።

ሰኞ የሆነውን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። ሠራተኛዋን ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃት “ሁልጊዜም ነው” አለች፤ ቀጥላም “ባለፈው ረቡዕ አንዲት ልጅ ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ” አለችኝ። ሁለተኛ ምንጬን አገኘሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አያ ደሴ ሄድሁ። ብቻቸውን ነበሩ። ሁሉንም ነገርኋቸው። 

“ቅዳሜ ማታ የመጣሽው ለዚህ ነበር?”

“ለዚህ ነበር።”

“ታዲያ ምን ያዘሽ?”

መልሴን አልጠበቁም። ጥፋቱ የሁላችን ነው፣ ልጅቷን ሳንጠራ የተቀመጥነው እኛ ነን አሉ። እንዲህ ማለታቸው የእኔን አላቀለለውም።

ማታ በጌታቸው ግቢ አስቀምጠውን ቃሌን በሰው ፊት አነሣሁ። ጌታቸው እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ከቶ ሰማኝ፤ “ነግራኝ ነበር፤ ነግራኝ ነበር” ብቻ አለ። ለአያ ሞላ የደወልሁት እኔ ነኝ። ቤታቸው ደርሰው ነበር። ስናገር አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣

“ልጂቱ ይሄን ታውቅ ነበር?” አሉ።

“ታውቅ ነበር።”

“ላንቺም ነግራሽ ነበር?”

“ቅዳሜ ማታ ነግራኛለች።”

“እንግዲያው እሷን አገናኚኝ” አሉኝ። ስልኩን ለእናኑ ሰጥቼ ከግቢው ወጣሁ። አባትና ልጅ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ኋላም አልጠየቅሁም።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ አሁንም በሬን የምታንኳኩ አላችሁ። ስሌቱን ደግሜ አይቼዋለሁ፤ ስሕተት የለበትም። ከሃያ አንድ ነበር፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ከሃያ አንድ ነው። ይህ ግን አያጽናናኝም፤ ይልቁንም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ለትክክለኛ ቁጥር ብዬ ብቸኛዋን አስፈላጊ ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ፦ ብትወድቅስ ምን ይቀርባታል? ለዚህ መልሱ “ምንም” ከሆነ ከሃያ አንድ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከመቶ አንድም ቢሆን ትልቅ ነው። የጌታቸው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ የቆመበት መሬት ግን አልነበረም። ያንን መሬት ማየት የእኔ ሥራ ነበር።

አሁን ዕድል አልገምትም። ሰው ሲመጣብኝ ልጁን ወይም ልጅቷን ይዞ እንዲመጣ መልሼ እልከዋለሁ፤ አንዳንዶች ተቀይመው ሳይመለሱ ይቀራሉ። ጥያቄዬን ለልጁ አቀርባለሁ፤ አባት ሲመልስለት “እሱን ነው የጠየቅሁት” እላለሁ። “አላረጋገጥሁም” የምትለዋን ቃል በሬዲዮ ብቻ ሳይሆን በሰፈርም እላታለሁ፤ ስላት ሰዎች ከበፊቱ ያነሰ እንደሚያከብሩኝ ይታየኛል። ይሁን። እናኑን በመንገድ ሳገኛት ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት፤ እንደ ድሮዋ ጎንበስ ብላ ነው። እኔ ግን አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየኋትም።

እናኑ ማክሰኞ ጠዋት ጎንደር ተመዘገበች። ከእሷ ጋር ያመለከተ አንድ የክፍል ጓደኛዋ በእሁዱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ ሰኞ ተፈትኗል። ረቡዕ ማታ ተመለሰ፤ ሐሙስ በቅጣት ተመዘገበ። የመግቢያ ፈተናውን አላለፈም። አሁን ከእናኑ ጋር በአንድ ክፍል ይማራል።